ለበዓል ስጦታ ቀላል ፈጅ ልሠራ ብዬ ጭቃ ሠራሁ፤ 9 ቀን ቀርቶኛል

ሻይ_በማር
ሰላም እናንተዬ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

ዘንድሮ ለበዓል ስጦታ ከምገዛ ፈጅ የሚሉትን ለስላሳ የቸኮሌት ጣፋጭ ቤት ውስጥ ሠርቼ ላድል ብዬ አሰብኩ። የምሰጠው ለ12 ቤት ነው። የሥራ ጓደኞች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ የባለቤቴ ቤተሰብ አለ። «ሦስት ነገር፣ አሥር ደቂቃ፣ መጋገር የለም» የሚል አሠራር አየሁና ልቤ ወደደው። ቸኮሌት 400 ግራም፣ ወተት አንድ ቆርቆሮ፣ የገበታ ቅቤ 30 ግራም። አንድ ላይ አቀለጥኩ፣ ቫኒላ ጠብ አደረግኩበት፣ ወረቀት የለበሰ ትሪ ላይ ገለበጥኩ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት።

ጠዋት ቢላ ይዤ መጣሁ። ቢላው ሰተት ብሎ ገባ። ሳወጣው የቆረጥኩት መስመር ቀስ እያለ ተመልሶ ገጠመ። ቆሜ አየሁት። ደግሜ ቆረጥኩ፣ ደግሞ ገጠመ። ጣዕሙ ግን ልዩ ነው፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ምን አጠፋሁ? ቸኮሌቱ ነው? ፍሪጁ ነው?

ቸኮሌታሙ
ማንኪያ አምጪ። ችግሩ ተፈታ።

ድስት_ጠባቂ
አይዞሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። «ወተት» ብለሽ አለፍሽው እንጂ የትኛው ወተት እንደሆነ አላልሽም። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ። ኮንደንስድ ነው ኢቫፖሬትድ?

ሻይ_በማር
ቆርቆሮውን ከቆሻሻ ውስጥ አውጥቼ አጥቤ አነበብኩት። ኢቫፖሬትድ ይላል። ልዩነት አለው እንዴ? መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ መንታ ነው የሚመስሉት።

ድስት_ጠባቂ
የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለው። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም ተሸውጄበታለሁ።

ሁለቱም ውሃው የተቀነሰለት ወተት ነው። ኢቫፖሬትድ ግን ስኳር አልገባበትም፣ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ገደማ አሁንም ውሃ ነው። ኮንደንስድ የሚባለው ጣፋጩ ነው። ከማንኪያ ላይ እንደ ማር እየተሳበ ነው የሚወርደው። ውሃው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም፣ ከ40 በመቶ በላይ ደግሞ ስኳር ነው። ቀላሉ ፈጅ የሚረጋው ቸኮሌቱ ውስጥ ያለው የኮኮዋ ቅባት ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ነው። ስኳሩ ደግሞ ያለችውን ትንሽ ውሃ ይዞ አይለቅም። አንቺ ቸኮሌቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ የደፋሽበት ያህል ነው። ስለዚህ የሠራሽው ፈጅ አይደለም፣ ሶስ ነው። ያውም ጥሩ ሶስ።

እንዳትጥዪው። በትንሽ እሳት አሙቂውና ክዳን ባለው ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጪው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆይልሻል። አይስክሬም ላይ አፍሺው፣ ትኩስ ወተት ውስጥ በጥብጪው። ቸኮሌት ጨምሬ ላጠንክረው ካልሽ ይቻላል፤ ግን ለስላሳ ነገር ይሆንና ከፍሪጅ በወጣ በግማሽ ሰዓት ይልፈሰፈሳል። ለስጦታ አይሆንም።

ሻይ_በማር
ኧረ ተባረኪ! እኔ ደግሞ ሲፈስልኝ «እንዴት ቀለለኝ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ድስት_ጠባቂ
አዎ፣ መጠርጠር የነበረብሽ እዚያ ላይ ነው። ፈጅ አይፈስም። በማንኪያ ጀርባ እየተገፋ፣ እየተለመነ ነው የሚተኛው።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ያዢ። የመጋገሪያ ወረቀቱን ከሁለት ጎን ተርፎ እንዲወጣ አድርገሽ አልብሺው። ሲረጋ ጆሮውን ይዘሽ መዝዘሽ ታወጪዋለሽ። ጥቁር ቸኮሌት 400 ግራም፣ ኮኮዋው ከ50 እስከ 60 በመቶ የሆነውን። ኮንደንስድ ወተት አንድ ቆርቆሮ፣ 397 ግራም አካባቢ የሚለውን። የገበታ ቅቤ 30 ግራም፣ ቫኒላ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር። ጨውዋን እንዳትተዪያት፣ ያለሷ ምላስሽ ላይ ስኳር ብቻ ነው የሚቀረው።

ቸኮሌቱን አድቅቀሽ ክተፊ። ታችኛው ወፈር ያለ ድስት ፈልጊ። ቸኮሌቱን፣ ወተቱንና ቅቤውን አንድ ላይ አድርገሽ በጣም ትንሽ እሳት ላይ ጣጂ። በጣም ትንሽ ስልሽ የመጨረሻዋን ማለቴ ነው። ከድስቱ አትራቂ፤ ስልክ ቢጠራ ይጥራ። አብዛኛው ቀልጦ ጥቂት ጉብጉብ ሲቀር አውርጂው፣ የቀረው በራሱ ሙቀት ያልቃል። ከዚያ ቫኒላና ጨው፣ ከዚያ እስኪያብረቀርቅ ማማሰል። ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 3 ሰዓት።

ዘግይቼ_መጣሁ
ኮንደንስድ ወተት ያጣ ሰውስ? እኔ ጋ አንዳንዴ ይጠፋል።

ድስት_ጠባቂ
ግማሽ ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት ወተትና 200 ግራም ስኳር አንድ ላይ ጣጂ። መጀመሪያ ስኳሩ እስኪሟሟ አማስዪ። ከዚያ በትንሽ እሳት፣ እየተመለስሽ እየነካካሽ፣ 45 ደቂቃ ያህል ይቀቀል። ሚዛን ካለሽ ግማሽ ክብደቱ ሲቀር፣ 360 ግራም ገደማ ሲሆን አውርጂ። ትኩስ እያለ ቀጭን ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ነው የሚወፍረው። ቸኮሌቱንም ያንኑ ያህል አድርጊው።

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ልጆች፣ ጨዋታችሁን ላለመረበሽ ዝም ብዬ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር። ይሄ የምትሉት ፈጅ አይደለም፤ በወተት የለሰለሰ ቸኮሌት ነው። እኔ 30 ዓመት ጣፋጭ ሠርቻለሁ። ፈጅ ማለት ስኳር፣ ወተት፣ ቅቤ፣ የኮኮዋ ዱቄት ነው። ይፈላል፣ ሙቀቱ ከ112 እስከ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይወርዳል። ቴርሞሜትር የሌለው ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጥላታል። በጣት ስትሰበሰብ ለስላሳ ኳስ ከሆነች ደርሷል። ከዚያ እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ እስኪቀዘቅዝ ማንም አይነካውም። ማንም! ከዚያ በእንጨት ማንኪያ መምታት ነው። ክንድ ይዝላል። ድንገት ማብረቅረቁ ይጠፋና እንደ ደብዘዝ ያለ ቆዳ ይሆናል። ያኔ ቶሎ ካልገለበጣችሁት ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ቸኮሌታሙ
ጋሼ፣ ያ እኮ ፈጅ ሳይሆን ጊዜ ፈጅ ነው።

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ስኳር ፈጅም ነው። ክንድ ፈጅም ነው። ሳቅህን ጨርስና አንድ ጊዜ ቅመሰው።

ታሪክ_አነፍናፊ
ስሙ በአማርኛ እንዲህ መግጠሙ ያስቀኛል። ከርዕስ ትንሽ ልውጣና፣ ጋሼ የሚሉት የፈላው ዓይነት መነሻው ባለሙያ ቤት አይደለም። ኤመሊን ሃርትሪጅ የምትባል የአሜሪካው ቫሳር ኮሌጅ ተማሪ በደብዳቤዋ እንደጻፈችው፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የጓደኛዋ ዘመድ ባልቲሞር ውስጥ ፈጅ ትሠራ ነበር። ኤመሊን አሠራሩን አገኘችና በ1888 ለኮሌጁ ጨረታ 30 ፓውንድ ሠራች። በኪሎ 13 ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከዚያ የሴቶች ኮሌጆች ተቀባበሉት። ያኔ የኮሌጅ ልጆች ሠርተውት ለሽያጭ ካቀረቡት፣ ሻይ_በማር 12 ቤት አያቅታትም።

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ጥሩ ነገር ነገርከኝ። እነዚያ ልጆች ግን ቆርቆሮ ከፍተው አልሠሩትም!

ዘግይቼ_መጣሁ
ጋሼ፣ ካነሱት አይቀር አንድ ነገር ይንገሩኝ። እኔ እርስዎ ያሉትን ዓይነት ሞክሬ ጥርስ ላይ አሸዋ ሆነብኝ። ለምን?

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ልጄ፣ ትኩስ እያለ ነካክተሽዋል። ወይም ደግሞ ከድስቱ ጎን ላይ የተጣበቀ ስኳር ተመልሶ ገብቶበታል። ፈጅ ሲረጋ ስኳሩ ወደ ደቃቅ ክሪስታልነት ይመለሳል። ክሪስታሎቹ ምላስ የማይለያቸው ደቃቅ ከሆኑ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ትኩስ እያለ ካማሰልሽው ጥቂት ክሪስታል ቀድሞ ይፈጠርና ሌላውን እየሳበ ያድጋል። ያ ነው አሸዋሽ። ከቀዘቀዘ በኋላ ስትመቺው ግን እልፍ ሆነው በአንድ ጊዜ ይወለዳሉ፣ የሚያድጉበት ቦታ ያጣሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መፍላት ሲጀምር ድስቱን ለ2 ደቂቃ ክደኚው፣ እንፋሎቱ ጎኑን ያጥብልሻል። ግሉኮስ ሽሮፕ ከሚሉት ወፍራም ፈሳሽ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ብትጨምሪም ያግዛል። የተበላሸውም ቢሆን አይጣልም። ትንሽ ውሃ ጨምረሽ እንደገና አሟሚው፣ አፍልተሽ እንደገና ጀምሪ።

ተራራ_ላይ
እኔም ልጠይቅ ጋሼ። የምኖረው ከፍታ ቦታ ነው። ልክ 114 ላይ አወረድኩ፣ ጡብ ሆነ።

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ከፍታ ላይ ውሃ ቀድሞ ነው የሚፈላው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትርህን መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተት። 100 ካለ እንደ መጽሐፉ ሂድ። 95 ካለ ከሁሉም ላይ 5 ቀንስ፤ 114 የተባለውን 109 ላይ አውርድ። አንተ 114 ስትደርስ ውሃው ከሚገባው በላይ ተኖ ነበር። ቴርሞሜትሩ ራሱ የሚዋሽም ከሆነ በዚያው ታርመዋለህ።

ድስት_ጠባቂ
ቀላሉ ዓይነት ግን ስለማይፈላ ከፍታ አያውቅም። ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት 😊

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ገባኝ፣ ገባኝ። ለ12 ቤት ስጦታ ቀላሉን ትሥራ። የኔውን ደግሞ አንድ ቀን ለራሷ ብላ ትሞክረው።

ሻይ_በማር
በዓሉ 6 ቀን ቀረው። ሁለተኛውን አሁን ሠርቼ መጣሁ፣ ድስቱ ገና ትኩስ ነው። አሁንም ድራማ አለ።

በጣም ትንሽ እሳት ብለሽኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ታገስኩ። ከዚያ ልጁ አለቀሰ፣ ቸኮልኩ፣ እሳቱን ከፍ አደረግኩ። ተመልሼ ሳማስል ድስቱ ጠርዝ ላይ ዘይት ብቅ አለ። መጀመሪያ ቀጭን ቀለበት ነበር። ከዚያ መሃሉ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ከድስቱ ለቀቀና ዘይቱ ውስጥ ይዋኝ ጀመር። ላብ አሰመጠኝ። ምን ላድርግ?

ድስት_ጠባቂ
አሁኑኑ ከእሳት አውርጂ! ቅባቱ ተለይቷል፣ ከሙቀት ብዛት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ወተት መሃሉ ላይ ጨምሪና ከመሃል ጀምረሽ በኃይል አማስዪ። ካልተመለሰ አንድ ድገሚ። ከሁለት ሦስት እንዳታልፊ፣ አለበለዚያ እንደገና ሶስ ነው።

ሻይ_በማር
ተመለሰ!!! በሁለተኛው ማንኪያ። ዘይቱ ስንጥቅጥቅ እያለ እንደገና ወደ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ መስታወት ሆነ። ክንዴ ግን እንደ ጋሼ ክንድ ዝሏል። ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው።

ተራራ_ላይ
ቆይ፣ አልገባኝም። ሁሉም ሰው «ቀልጦ ባለ ቸኮሌት ውስጥ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ» ይላል። እናንተ ደግሞ ወተት ጨምሪ ትላላችሁ።

ድስት_ጠባቂ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቻውን የቀለጠ ቸኮሌት ደረቅ ነገር ነው፤ ደቃቅ ኮኮዋና ስኳር በቅባት ውስጥ ተንሳፎ ማለት ነው። ዱቄት ላይ ጠብታ ውሃ ሲወድቅ እንዴት እንደሚጓጉል አስብ። ጠብታዋ ሁሉን አታዳርስም፣ የደረሰችበትን ታጣብቃለች። የሷ ድስት ውስጥ ግን ወተቱ ቀድሞም አለ። የጠፋው ስምምነቱ ነው፣ ቅባቱና ውሃው ተጣሉ። ትንሽ ትኩስ ፈሳሽና ብዙ ማማሰል ያስታርቃቸዋል። ቸኮሌት ብቻውን በእንፋሎት የምታቀልጡ ሰዎች ግን አሁንም ከጠብታ ተጠንቀቁ።

ዘግይቼ_መጣሁ
እኔ በማይክሮዌቭ ነው የምሠራው። ኃይሉን ግማሽ አድርጌ 30 ሰከንድ፣ ማማሰል፣ እንደገና 30 ሰከንድ። ሦስት አራት ዙር ይበቃዋል። ቸኮሌት ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳይቀልጥ እንደነበረ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ይታለላል። ሲነኩት ነው የሚፈርሰው። ለዚህ ነው በየመሃሉ ማማሰሉ።

ሻይ_በማር
ረጋ። ቢላው ሲወጣ መስመሩ ቦታው ላይ ቀረ። ለደቂቃ ዝም ብዬ አየሁት 😂

አሁን የስሌት ጥያቄ። 12 ቤት፣ ስንት ትሪ? ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆን ምን ልቀያይር?

ድስት_ጠባቂ
20 በ20 የሆነውን ስምንት በስምንት ብትቆርጪው 64 ቁራጭ ነው፣ እያንዳንዱ 13 ግራም ገደማ። ትንሽ ነው እንዳትዪ፣ ፈጅ በትልቁ አይበላም። በቤት 16 ቁራጭ ብትሰጪ 192 ነው። ሦስት ትሪ ልክ ይበቃሻል። ለቀማሽና ለአደጋ አራተኛ ጨምሪ። ግን አንድ ድስት ውስጥ አጥፈሽ አትሥሪው። ብዙ ሲሆን ታችኛው ይቃጠላል፣ ላይኛው ገና ቁራጭ ነው። ለየብቻ።

ቀምሼ_ልፍረድ
ለመቀያየሩ እኔ አለሁ። ለውዝ (አልመንድ) ወይም ዋልነት ከሆነ ኦቨን ውስጥ 175 ዲግሪ ላይ 8 ደቂቃ ቁይው፣ ሽታው ሲመጣ አውጪው። ጥሬው ፈጅ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ካርቶን ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጨምሪ። ብርቱካን ከወደድሽ ልጣጩን ፋቂው፣ ጭማቂውን አትንኪ፤ ጭማቂ ማለት ውሃ ነው፣ ታሪኩን ታውቂዋለሽ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ወዲያው የሚሟሟው ቡና አንድ የሻይ ማንኪያ ቸኮሌቱን ያጠቁረዋል፣ ቡና ቡና ግን አይልም። ትኩስ ፍራፍሬ በጭራሽ።

ነጭ ቸኮሌት ካማረሽ መጠኑን አትርሺ። የኮኮዋው ደረቅ ክፍል ስለሌለው አይጠጥርም። ለአንድ ቆርቆሮ ከ500 እስከ 550 ግራም ያስፈልገዋል። እሳትም ከጥቁሩ ይልቅ ይፈራል።

ቸኮሌት ከነጭራሹ ለማይወድ ሰው ደግሞ የኦቾሎኒ ቅቤው አለ። የገበታ ቅቤ 225 ግራም አቅልጪ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ 250 ግራም አዋህጂ፣ ከእሳት አውርደሽ የተነፋ የዱቄት ስኳር 450 ግራም ጨምሪበት። ቫኒላ። አለቀ። ከፍሪጅ ሲወጣ ምላስ ላይ ይፈርሳል። እኔን ካልሽኝ ከቸኮሌቱ ይበልጣል፣ ልትጣሉኝ ትችላላችሁ።

ቸኮሌታሙ
እንጣላለን።

ምጥን_አድርጌ
ቀምሼ_ልፍረድ ኦቾሎኒ ሲል ልቤ ዘለለ። እባካችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። አምና የሥራ ባልደረባዬ ቤት የቤት ጣፋጭ ላክሁ። እኔ የላክሁት ለውዝ የለበትም። ግን ለውዝ ያለበትን በቆረጥኩበት ቢላ ነበር የቆረጥኩት፣ አንድ ሣጥን ውስጥም ነበር የደረደርኩት። ልጃቸው አለርጂ አለው፣ አላውቅም ነበር። ከንፈሩ አብጦ ሐኪም ቤት ወስደውታል። ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያን ስልክ ሳነሳ የነበረውን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ለውዝም ዋልነትም ኦቾሎኒም የሌለበትን መጀመሪያ ሠርቼ፣ ቆርጬ፣ አሽጌ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ነው ሌላውን የማወጣው። ለውዝ ያለበትና የሌለበት አንድ ሣጥን ውስጥ አይገናኙም። ቸኮሌቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውንም አነባለሁ፣ ብዙዎቹ «የለውዝ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል» ይላሉ። ሣጥኑ ላይ በእጄ እጽፋለሁ፤ ወተት፣ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ የተሠራበት ቀን።

ሻይ_በማር
ይህን ባትነግሪኝ በአንዱ ቢላ ሁሉንም ልቆርጥ ነበር። ሁለት ትሪ ለውዝ የሌለበት፣ አንድ ትሪ ዋልነት ያለበት አደርጋለሁ። ኦቾሎኒውን ለቤት።

አኩሪ_አተር
ወተት ለማይጠጡስ? እህቴ አትጠጣም።

ቀምሼ_ልፍረድ
ከኮኮናት የሚሠራ ኮንደንስድ ወተት አለ፣ በቆርቆሮ። ወተት ከሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ጋር በእኩል ልኬት ይሠራል። ቅቤውን በኮኮናት ዘይት ተኪው። ትንሽ ለስለስ ይላል፣ የኮኮናት ጣዕሙም አይደበቅም።

ሻይ_በማር
4 ቀን። ሦስቱም ትሪ ረግቷል። አሁን ቆረጣውና ማሸጉ ነው የቀረው። የመጀመሪያው ትሪ ጠርዙ ተሰነጣጠቀብኝ። ቀጥ ያለ ቁራጭ ማውጣት እንዴት ነው?

የድሮ_ጣፋጭ_ሠሪ
ከፍሪጅ አውጥተሽ 15 ደቂቃ አቆዪው፣ በጣም የቀዘቀዘ ነው የሚሰነጠቀው። ረጅም ቢላ ፈልጊ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪ፣ ደረቅ አድርገሽ ጥረጊ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጫኚ። እንደ መጋዝ አትሂጂበት። ለእያንዳንዱ ቆረጣ እንደገና ንከሪ፣ እንደገና ጥረጊ። አሰልቺ ነው፤ ግን ባለሙያ ሠራው የሚያሰኘው ይሄ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መሃል ላይ ቁረጪ፣ ከዚያ ግማሹን ግማሽ፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ። ስምንት እኩል ይሆናል፣ ማስመሪያ አያስፈልግም።

ዘግይቼ_መጣሁ
ማሸጉ ላይ ከኔ ስህተት ተማሪ። በጌጥ ወረቀት ብቻ ጠቅልዬ ሰጠሁ፣ ቅባቱ በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ካርታ ስሎ ነበር። ፈጁ ከወረቀት ሣጥን ጋር በቀጥታ አይነካካ። ውስጡን በመጋገሪያ ወረቀት አልብሺ፣ በየንብርብሩ መሃልም አንድ አንድ ቁራጭ ወረቀት አድርጊ። የቆርቆሮ ሣጥን ካገኘሽ ከሁሉም ይሻላል። ሪባኑ ላይ ብዙ አትድከሚ፣ ማንም ሪባን አይበላም።

ምጥን_አድርጌ
ስለ ቆይታውም ልበል። በደንብ የተከደነ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ያልተከደነ ፈጅ ግን ይደርቃል፣ የሽንኩርት ሽታም ይጠጣል። ቸኮሌትና ቅቤ ሽታ እንደሚስቡ አትርሺ። ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር ይቆያል። ስታወጪው ሳትፈቺው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ቀዝቅዞ ሳለ ከፈታሽው ላዩ ላይ ውሃ ያረግዛል፣ ይጣበቃል።

ተራራ_ላይ
በፖስታ ለመላክስ? እናቴ ሩቅ ናት።

ምጥን_አድርጌ
አየሩ ቀዝቀዝ ካለና ከሦስት አራት ቀን ካላለፈ ይደርሳል። ሳትቆርጥ ላከው። አንዱን ግማሽ ትሪ ሙሉውን ጠቅልለህ፣ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዳይንከላወስ አጣበህ። እናትህ ራሷ ትቆርጠዋለች፣ የተቆራረጠ ፈጅ መንገድ ላይ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ሻይ_በማር
የበዓል ማግስት ነው፣ ሪፖርት ላቅርብ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው 12ቱም ደረሰ። ጋሼ፣ የቢላው ነገር ሠርቷል። የባለቤቴ እናት አንዱን ቁራጭ አንስተው ወደ ብርሃን አደረጉትና «ከየት ገዛሽው?» አሉኝ። ይሄ ከሳቸው አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ለውዝ የሌለበት ብዬ የጻፍኩበትን አንዷ ጎረቤቴ አንብባ ለብቻዬ ጠርታ አመሰገነችኝ፣ የልጇን አለርጂ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ምጥን_አድርጌ፣ ያን ምስጋና ላንቺ አስተላልፌዋለሁ።

አንድ ሣጥን ጎደለኝ። አራተኛ ትሪ ሥሪ ተብዬ ሰንፌ ነበር። መጨረሻ ላይ ለላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ የሚሰጥ ጠፋ። ፍሪጅ ከፈትኩ፣ የመጀመሪያው ቀን ጭቃ በጠርሙስ ቁጭ ብሏል። ሳምንቱ ሊሞላ ነው። ሪባን አሰርኩበትና «ዛሬውኑ ይበላ፣ አሙቀሽ አይስክሬም ላይ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት።

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ። ባዶውን ጠርሙስ አጥባ ይዛ መጥታለች። አሠራሩን ጻፊልኝ አለችኝ። 12 ቤት ውስጥ አሠራር የጠየቀ እሷ ብቻ ናት።

ድስት_ጠባቂ
ጻፍሽላት?

ሻይ_በማር
ጻፍኩላት። «ኢቫፖሬትድ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

ቸኮሌታሙ
እኔ የመጀመሪያ ቀን ምን አልኩ? ማንኪያ አምጪ።